ባንኮክ ላይ የጾም ምግብ የት ይገኛል? እናቴን ለሕክምና ይዤ ልሄድ ነው

ትርሲት_ገርጂ
ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ እናቴን ይዤ ባንኮክ እሄዳለሁ። ቪዛውም የሐኪም ቀጠሮውም አልቋል። ያላለቀው የምግቧ ነገር ነው። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው፣ እማዬ ደግሞ ጾም ፍቺ ሲሏት ሕመሟ የሚብስባት ዓይነት ሰው ናት። ዓሣ አትነካም። መጥበሻው እንቁላል ነክቶት እንደሆነ ሁሉ ትጠይቃለች። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ባንኮክ የተንጠለጠለ ዳክዬና የተጠበሰ ፌንጣ ብቻ ነው። የምናርፈው ናና አካባቢ ነው። በሶና ቆሎ ሞልተን እንሂድ ወይስ እዚያ የሚበላ ይገኛል? ስኳርም ስላለባት እሱንም አስቡልኝ።

ናርዶስ_ባንኮክ
ትርሲትዬ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። አይዞሽ፣ ባንኮክ ለጾመኛ ምቹ ከተማ ነው። ግን «ቬጀቴሪያን» እያልሽ ከጠየቅሽ ችግር ውስጥ ትገቢያለሽ። ማለት ያለብሽ «ጄ» ነው።

ጄ የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን ያቆዩት የጾም ሥርዓት ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተትና ቅቤ የለም። ምልክቱ ቢጫ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው። ታይኛ ለማያነብ ሰው 17 ቁጥር ይመስላል። በቢጫ ላይ ቀይ 17 ካየሽ ሳትጠይቂ ግቢ። ከትልልቅ ምግብ ቤቶች ይልቅ በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ ባሉ ትንንሽ ቤቶች ላይ ታገኚዋለሽ። በሱቅ ዕቃም ላይ አለ፣ ሰቨን ኢለቨን ገብተሽ ብስኩቱንም ሾርባውንም በሱ መለየት ትችያለሽ።

«ማንግሳዊራት» የሚሉት ሌላ ነው። እሱ ሥጋ የለውም እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። ለእናትሽ አይሆንም።

ዋናው ጠላትሽ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋማ ይታያል። ናም ፕላ ነው፣ የዓሣ መረቅ። የጎዳና ምግብ ሠሪዋን «ሥጋ አታድርጊበት» ብትያት በፈገግታ እሺ ትልሻለች። ሥጋውን በእርግጥም ትተወዋለች። ከዚያ ጎመኑ ድስት ላይ ሲንጫጫ ጠርሙሷን ታነሳና ሁለቴ ጠብ ታደርግበታለች። ተንኮል አይደለም፣ ለሷ ናም ፕላ ጨው ነው። ካሪው ውስጥ ደግሞ ካፒ አለ፣ ከሽሪምፕ የተሠራ ድልህ። «አረንጓዴ ካሪ በአትክልት» የሚል ሜኑ አይተሽ ደስ እንዳይልሽ፣ አትክልቱ አትክልት ነው፣ ድልሁ ግን ሽሪምፕ ነው። ሶም ታም የሚሉት የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ላይ ደረቅ ሽሪምፕ ይወቀጥበታል። የኑድል ሾርባው ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነው። ፓድ ታይም ናም ፕላና እንቁላል አለበት።

ብሩክ_አዳማ
ቆይ ቆይ፣ ታይላንድ የቡድሂስት አገር አይደለችም እንዴ? እኔ መነኮሳቱ ሥጋ የማይቀምሱ ይመስለኝ ነበር።

ናርዶስ_ባንኮክ
ብሩክ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል። የታይላንድ መነኮሳት ማለዳ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሕዝቡ የሰጣቸውን ይቀበላሉ። ሥጋም ቢሆን። እንስሳው ለነሱ ተብሎ ሲታረድ ካላዩ፣ ካልሰሙ፣ ካልጠረጠሩ ይበላሉ። ጄ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፣ በቻይኖቹ ማሃያና ቡድሂዝምና በታኦ እምነት በኩል። ለዚህ ነው የጄ ቤት ፍለጋ ሲቸግርሽ ወደ ቻይና ሰፈር ወደ ያኦዋራት መሄድ የሚያዋጣው። እዚያ ዋት ማንግኮን የሚባል በ1871 የተሠራ የቻይኖች ቤተ መቅደስ አለ። የምድር ባቡሩ በስሙ የተሰየመ ጣቢያ አለው። ወርደሽ ዙሪያውን ማየት ነው።

የመርካቶው_ጋሼ
እኔ ደግሞ በጥቅምት ዕቃ ልጭን ሄጄ ከተማው ቢጫ በቢጫ ሆኖ አገኘሁት። የፖለቲካ ሰልፍ መስሎኝ ሆቴሌ ልመለስ ነበር! ለካ የጄ በዓል ነው። በቻይኖቹ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ ዘጠኝ ቀን። ያኦዋራት መንገዱ ግራና ቀኝ ድስት ብቻ። ሁሉም የጾም። በ2018 ዓ.ም. ከጥቅምት 11 እስከ 19 ነበር። የ2019ኙ የሚገባው መስከረም 30 ነው። ጽጌን የምትጾሙ ነጋዴዎች ጉዟችሁን በዚያ አስቡት፣ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አታገኙም።

ናርዶስ_ባንኮክ
ጋሼ ልክ ነዎት። በዓሉ ፉኬት ደሴት ላይ ደግሞ ይብሳል። እዚያ የሚተርኩት በ1825 ገደማ ካቱ በተባለ የቆርቆሮ ማዕድን መንደር አንድ የቻይና ኦፔራ ቡድን ወረርሽኝ ይይዘውና ሥጋ ትቶ ጸልዮ ዳነ ብለው ነው። በበዓሉ ሰልፍ ላይ ጉንጫቸውን በብረት የሚወጉ ሰዎች ስላሉ እናትሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ባንኮክ ያለው የሆድ በዓል ነው፣ ሰላማዊ።

ትርሲት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማማ የሚጾሙት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ትርሲት_ገርጂ
እስከ ዘጠኝ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ጠዋት ትበላለች።

ናርዶስ_ባንኮክ
እንግዲያው ያለሽ ችግር የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ይሄን ማንም አይነግርሽም።

የሰፈር ጄ ቤቶች ገና ሲነጋ ይከፍታሉ። ፊት ለፊት ትሪዎች ይደረደራሉ፤ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ በዝንጅብል፣ ዱባ፣ የእንጉዳይ ካሪ፣ የበቀለ ማሾ ጥብስ፣ ጎመን የመሰለ ፓክ ቡንግ የሚባል ቅጠል። ሩዝ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት በጣትሽ ጠቁመሽ ታስደርጊያለሽ። ልክ በያይነቱ ነው፣ እንጀራው ሩዝ ሆኖ። ዋጋው 40 ወይም 50 ባት አካባቢ ነው። ግን በኛ ሰዓት ከሰባት በኋላ ትሪው ይራቆታል፣ በስምንት ብዙዎቹ እያጠቡ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተርቦ ለመጣ ጾመኛ የሚጠብቀው የተገለበጠ ወንበር ነው።

መላው እንዲህ ነው። በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት አንቺ ሄደሽ ግዢ። ወጡን በስስ ፌስታል ያደርጉልሻል፣ አየር ነፍተው አፉን በላስቲክ ጥምጥም አድርገው ያስሩታል። ሲያስሩት እጃቸው አይታይም፣ ሲፈቱት ግን ጥፍር ይጨርሳል፣ መቀስ ያዢ። ሩዙ ለብቻው ነው። ክፍላችሁ ማይክሮዌቭ ያለው ይሁን። በዘጠኝ ሰዓት ታሞቂያለሽ፣ አለቀ።

ዲያቆን_ዘላለም
እኅቴ ትርሲት፣ እናታችንን እግዚአብሔር ይማራቸው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያናችን አትጨክንም። ሰዓቱንም ምግቡንም በተመለከተ ከጉዞ በፊት ለንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። ልጅ «ጾም ፍቺ» ሲል የማይሰማ ወላጅ የንስሐ አባቱን ይሰማል።

ፌቨን_ነርስ
ዲያቆን ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒት እየወሰደ እስከ ዘጠኝ ሲጾም ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። ይሄን ለሐኪሟ ሳትናገሪ እንዳታልፊው። የመድኃኒቱ ሰዓት የሚስተካከለው ሐኪሙ ሲያውቅ ነው። ደግሞ ታይላንድ ወጥ ላይ ስኳር ይጨምራሉ፣ በተለይ ካሪና ሶስ ላይ። «ማይ ሳይ ናም ታን» ማለት ስኳር አታድርጉ ነው። ነጭ ሩዝም በልክ።

አቤል_22
እኔ የማይገባኝ ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። ዓሣ ብትበላ ግማሹ ችግር ያልቅ ነበር። ብዙ ሰው በጾም ይበላ የለ እንዴ?

ትርሲት_ገርጂ
አቤልዬ፣ አንተ መጥተህ ለእማዬ ንገራት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

የመርካቶው_ጋሼ
ሃሃሃ! አቤል እንዳትሄድ።

ዮናስ_ሜሪላንድ
እኔ ጾመኛ ሳልሆን ቪጋን ነኝ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም፣ ዓመቱን ሙሉ። ባንኮክ በጣም ተመችቶኛል። ከእናትህ ጋር ተረጋግተህ መቀመጥ ከፈለግክ ዘመናዊ ቪጋን ቤቶች አሉ። አሶክ አካባቢ ሜይ ቬጂ ሆም፣ ሱኩምቪት ላይ ብሮኮሊ ሬቮሉሽን። ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማንንም መጨቃጨቅ የለም። ከሁሉ በፊት ግን ሃፒካው የሚለውን አፕ ስልክህ ላይ ጫን። ያለህበትን አይቶ በአቅራቢያህ ያሉትን ያወጣልሃል፣ ሙሉ ቪጋኑንና እንቁላል የሚጠቀመውን በቀለም ይለያል።

ትርሲት_ገርጂ
አመሰግናለሁ ዮናስ፣ ግን አንቺ በለኝ።

ዮናስ_ሜሪላንድ
ውይ ይቅርታ እህቴ! ስሙን ሳላይ ነው የጻፍኩት።

ናርዶስ_ባንኮክ
ዮናስ ያላቸው ቤቶች ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ሰሃን የሰፈሩን ጄ ቤት በርካታ እጥፍ ያስወጣል። በየቀኑ አይዘለቅም። ባንኮክ ላይ ምግብ ቤት ይከፈታል ይዘጋል፣ ከመሄድሽ በፊት ካርታ ላይ ክፍት መሆኑን እዪ።

ከሁለቱ መሃል የሚሆን ልንገርሽ። ከናና በስካይትሬን አንድ ጣቢያ ነው፣ አሶክ። ተርሚናል 21 የሚባል የገበያ ማዕከል አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የምግብ አዳራሽ ርካሽ ነው፣ የጾም ምግብ የሚሸጥ ቦታም አለበት። ማታም ክፍት ነው፣ ስለዚህ የዘጠኝ ሰዓቱ ችግር እዚያ የለም። ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ መቀመጫ አለ። ለታመመ ሰው ከጎዳና ይሻላል።

ሰፈርሽ ናና ስለሆነ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጪም። ሱኩምቪት ሶይ 3 (ሶይ ማለት የጎን መንገድ ነው) አካባቢ አረቦቹ ሰፈር ውስጥ ናቸው። ለሕክምና የሚመጣው ወገን ስለሚበዛ ጾምን ያውቃሉ። በያይነቱ ታገኛላችሁ። እኔ ግን በየቀኑ እንጀራ ፍለጋ የሚዞር ሰው ሳይ ያሳዝነኛል፣ ይሄ ሁሉ የጾም ምግብ እያለ።

የመርካቶው_ጋሼ
ናርዶስ ልጄ፣ ፍርዱን ለቀቅ አድርጊው። የጄ ምግብ ላይ ቅሬታ አለኝ። ሽንኩርት የለውም! ነጭ ሽንኩርትም የለውም! አንድ ነገር ጎደለው፣ ጎደለው እያልኩ ነው የበላሁት። አገሬ ቁሌት ሳይበስል ወጥ ይጀመራል ወይ?

ናርዶስ_ባንኮክ
ወደ ታች እደርስበታለሁ ብዬ የተውኩት እሱን ነበር ጋሼ። ጄ ከኛ ጾም የሚብሰው በዚህ ነው። ሽታቸው የሚከረፋ አትክልቶች ክልክል ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ባሮ፣ የመሳሰሉት። ስሜትን ያነሳሳሉ ብለው ነው። አጥባቂዎቹ መጠጥም ይተዋሉ።

ስለዚህ ምግቡ ለሐበሻ ምላስ ለስለስ ይላል። የሚያድነው ጠረጴዛው ላይ ያለው የቅመም መደርደሪያ ነው፣ አራት ትንንሽ ማሰሮ። አንዱ የተፈጨ ደረቅ በርበሬ ነው፣ እሱን ያለ ስጋት። አንዱ ስኳር። አንዱ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ፣ ፕሪክ ናም ሶም ይባላል፣ እሱም ለጾም ይሆናል፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። አራተኛው ቃሪያ የሚዋኝበት ቡናማ ውሃ ነው። እንዳትነኪው፣ ናም ፕላ ነው። ጄ ቤት ከሆንሽ አራተኛው አይኖርም፣ ሌላ ቤት ግን ተጠንቀቂ። ወይ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ሰላም_ጀርመን
እኔ ያስገረመኝ ሥጋ አስመስለው የሚሠሩት ነው። ከስንዴ ግሉተን የተሠራ ዳክዬ፣ ቆዳው ሳይቀር። ጓደኛዬ ከአፏ አውጥታ «ይሄ ጾም አይደለም» ብላ ሄደች። ቻይኖቹ ግን በዓላቸው ላይ የሚደረድሩት ይሄንን ነው።

ዲያቆን_ዘላለም
ከስንዴ ከሆነ ስንዴ ነው። ልቡ ዳክዬ ላይ ካለ ግን ለሱ መልስ የለኝም።

አቤል_22
አዲስ አበባ የሶያ ጥብስ የማትበሉ ትመስላላችሁ!

ናርዶስ_ባንኮክ
አቤል አሁን ልክ ተናገረ። ሶያውን ካነሳችሁ አይቀር፣ ባንኮክ ሱፐርማርኬት ውስጥ ፕሮቲን ካሴት የሚባል የደረቀ የአኩሪ አተር ፍርፍር ይሸጣል። ካሴትሳት ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ጭመቂው፣ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላይው። ጋሼም ይረካሉ።

ለዚህ ነው ከሆቴል ይልቅ ኩሽና ያለው አፓርታማ ያዢ የምለው። ሕክምናው ከተራዘመ በተለይ። ምስርና ሽንብራ በተራው ሱቅ አይገኝም፣ ታዮቹ አይበሉትም። ፓሁራት ሂጂ፣ የሕንዶቹ ገበያ ነው፣ ከቻይና ሰፈር ቀጥሎ። ምስር ክክ፣ እርድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሁሉም አለ። ኮረሪማ ግን ከቤት ነው የሚመጣው። እዚያው ያሉት የሕንድ ምግብ ቤቶች «ንጹሕ ቬጀቴሪያን» ብለው ይጽፋሉ፣ እውነትም ሥጋና እንቁላል የላቸውም። ቅቤውና እርጎው ግን አለ።

ትርሲት_ገርጂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። ሆስፒታል ብትተኛስ? እዚያ ምግብ ማስገባት ይቻላል?

ሰላም_ጀርመን
አባቴን ያስታመምኩት እዚያው ባንኮክ ነው። ስሙን አልጠራም እንጂ የተኛበት ቤት ላይ «ቬጀቴሪያን» ብዬ ሞልቼ ጠዋት ኦምሌት ይዘው መጡ። ተናግሬ አስተካከሉት፣ ማታ ደግሞ ሾርባው ክሬም ነበረው። ከዚያ የምግብ ባለሙያዋን ራሷን አስጠርቼ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ዓሣና መረቁ የለም። ከዚያ በኋላ ችግር አልነበረም። ከተራ አስተናጋጅ ጋር አትከራከሪ፣ ባለሙያዋን ጥሪ። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ያላቸው አሉ፣ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። ከውጭ ምግብ ማስገባቱን ሐኪሙ ካልከለከለ ይፈቅዳሉ፣ እኛ አስገብተናል።

ፌቨን_ነርስ
የአኩሪ አተር ወተት ለፕሮቲን ጥሩ ነው፣ ግን የታሸገው ላይ የላም ወተት ዱቄት የሚጨመርበት አለ። ስኳሩም ብዙ ነው። የጄ ምልክት ያለበትንና ስኳር ያልተጨመረበትን ምረጪ።

ናርዶስ_ባንኮክ
ትክክል። ጠዋት ጋሪ ላይ ትኩስ የሚሸጡትም አሉ፣ ናም ታኦ ሁ ይባላል፣ ስኳሩን የሚጨምሩት ፊትሽ ስለሆነ ማስቆም ትችያለሽ።

እንግዲህ ስልክሽ ላይ የምትይዢያቸውን ልጻፍልሽ። «ኪን ጄ» ጄ ነው የምበላው ማለት ነው። «አን ኒ ጄ ማይ?» ይሄ ጄ ነው? «ማይ ሳይ ናም ፕላ» የዓሣ መረቅ አታድርጉ። «ማይ ሳይ ካይ» እንቁላል አታድርጉ። «ማይ ሳይ ኩንግ ሄንግ» ደረቅ ሽሪምፕ አታድርጉ። ሴት ስለሆንሽ መጨረሻ ላይ «ካ» በዪ፣ ወንዶቹ «ክራፕ» ይላሉ። ድምፃችን ከነሱ ዜማ ጋር ስለማይገጥም ካልገባቸው በታይኛ የተጻፈውን ከጎግል አውጥተሽ አሳዪ። የጄን ፊደል ራሱን ፎቶ አንስተሽ ብታሳዪ እንኳን ይበቃል፣ ወይ አዎ ይላሉ፣ ወይ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ወይ ወደ ጎረቤት ይጠቁሙሻል።

ለአንቺ ደግሞ፣ አስታማሚም ይራባል። ማንጎ ከተጣባቂ ሩዝ ጋር ብዪ። ሩዝ፣ የኮኮናት ወተት፣ ስኳርና ጨው ነው፣ የጾም ነው። ለእማማ ግን አይሆንም፣ ተደብቀሽ ብዪ።

ዮናስ_ሜሪላንድ
ቅዳሜና እሁድ ነጻ ከሆናችሁ ቻቱቻክ ገበያ አጠገብ የሳንቲ አሶክ ሰዎች የሚያካሂዱት ምግብ ቤት አለ። ሳንቲ አሶክ ሥጋ የማይበላ የቡድሂስት ማኅበር ነው፣ የቀድሞው የባንኮክ ገዢ ቻምሎንግ ስሪሙዋንግ የሱ አባል ነበሩ። ምግቡ ርካሽ፣ ሰልፉ ረጅም። ከሰዓት በኋላ ግን አይጠብቃችሁም፣ ጠዋት ነው። ለእማማ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ይፈቀድ የለ? ይገጥማል።

ትርሲት_ገርጂ
ዮናስ ይሄን ወደድኩት። የመጨረሻ ጥያቄ፣ አውሮፕላን ላይስ?

የመርካቶው_ጋሼ
እሱን ለኔ ተይው። ትኬት የቆረጠልሽ ቤት ደውለሽ ቪጂኤምኤል የሚባለውን የምግብ ዓይነት መዝግቡልኝ በያቸው። ወተትም እንቁላልም የሌለው እሱ ነው። ኤቪኤምኤል ካሉሽ እምቢ በዪ፣ እሱ የሕንዶቹ ነው፣ ወተት አለው። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይሁን። ስትሄዱ ብቻ ሳይሆን ለመልሱም አስመዝግቢ፣ ሰው ይሄንን ይረሳል። ደግሞ ናርዶስ ያለችው የተርሚናል 21 የምግብ አዳራሽ በካርድ ነው የሚሠራው፣ ገንዘብ ታስሞይበታለሽ። በልተሽ ስትወጪ የቀረውን እዚያው ባንኮኒ ላይ መልሰሽ ውሰጂ። ግማሹ መርካቶ ባንኮክ ላይ የተረሳ ካርድ አለው።